የትንፋሽ ማኅተም

ይህ የሆነው እኛ አገር አይደለም። እኛ አገር ሹም ባልገባው ነገር ላይ አይተነፍስም፤ የሚያውቅ ሰውም አፉን ይዞ አይቀመጥም። ስለዚህ የሚሰማኝ ሁሉ ልቡን ጥሎ ይስማኝ። ነገሩ የሆነው ከብዙ ወንዝ ማዶ፣ ስሙን ነግረውኝ በረሳሁት አገር ነው።

የዚያ አገር አባቶች መስታወት ሠሪዎች ነበሩ። መስታወት የሚሆነውን መዳብ ወልውለው ሲጨርሱ ጠጋ ብለው ይተነፍሱበታል። ጤዛው እኩል ተነጥፎ እኩል ከጠፋ መስታወቱ ጠርቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ እድፍ አለና እንደገና ይወለወላል። ለመስታወት ጥሩ ብልሃት ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን መስታወቱን ትተው ትንፋሹን ወረሱ። በር ሲሰቀል ተነፈሱበት፣ ድልድይ ሲያልቅ ተነፈሱበት፣ ሹም ሲሾም ግንባሩ ላይ ተነፈሱበት። ውሎ አድሮ ትንፋሽ ማኅተም ሆነ። አሥራ ሁለት ተንፋሾች ተሾሙ፤ አለቃቸውም ሊቀ ትንፋሽ ተባለ። ትንፋሽ ያላረፈበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፣ ተሸፍኖ የተገኘም ተከፍቶ ይታያል የሚል ሕግ ወጣ።

ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ምሳ ሳይበሉ አይተነፍሱም። አንዱ በእርጅናው ምክንያት ሳል ስለሚቀድመው የሚተነፍስለት ምክትል ነበረው። ሌላው ርስቱን ሊጎበኝ ሲሄድ ትንፋሹን በስልቻ ሞልቶ፣ አፉን በጠፍር አስሮ ትቶ ይሄዳል። ስልቻው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ተራው ሲደርስ ይፈታል። ስልቻው ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለት ነበር።

በዚህ አገር ልባቸው የሚዘገይ ሰዎች ነበሩ። ሲያርሱም ሆነ ሲፈትሉ፣ አቀበት ሲወጡም ሆነ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ልባቸው መምታቱን ድንገት ይረሳዋል። ለእነሱ ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር የምትቀበር፣ ልብን ነካ እያደረገች የምታስታውስ ትንሽ መሣሪያ ተሠራች። መሣሪያዋን የሚያንቀሳቅሳት ቅጠል ነው። እኛ ባትሪ የምንለውን እነሱ ቅጠል ይሉታል፤ ይህን ስም ያሰጠው ስስነቱ ነው። ውስጡ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለበትም፣ ሁለመናው ደረቅ ነው። ሲደክምም ይሞላል እንጂ አይጣልም።

ቅጠል የሚሠራው በደወል ቅርጽ በተሠራ ወፍራም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ከወጣ በኋላ፣ በስስ ሸክላ ላይ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እንደ ጉም ሆኖ ይወርዳል። መጀመሪያ መብረቁን፣ እኛ ኤሌክትሪክ የምንለውን፣ የሚሰበስበው ብረት፣ ቀጥሎ በእሳት የሚጠነክረው ጥቁሩ ንጣፍ ይመጣል። ሦስተኛው የመሀል ንጣፍ ነው፤ ከፀጉር መቶ እጅ የሚቀጥን መስታወት። በሱ ላይ ሊቲየም የሚባለው ለስላሳ ብረት ያርፋል፤ ከሁሉም በላይ ክዳኑ። ቅጠሉ ሲሞላ በዓይን የማይታዩ መንገደኞች ከጥቁሩ ንጣፍ ተነስተው፣ የመሀሉን መስታወት አቋርጠው ወደ ለስላሳው ብረት ይሻገራሉ። ኃይሉን ሲሰጥ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። መስታወቱ መንገደኞቹን ያሳልፋል፣ መብረቁን ግን አያሳልፍም። አንዲት ቀዳዳ ከተገኘችበት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን የመሀል ንጣፍ የምታነጥፈው ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሥራ ላይ ቆይታለች። ደወሉ ውስጥ የወይን ጠጅ የሚመስለው ብርሃን ሲሞላ ድምቀቱን አይታ ብቻ ንጣፉ የት እንደደረሰ ትናገራለች፤ ሲለካም አትሳሳትም። አቧራ እንዳይነሳ እግሯን ቀስ አድርጋ ነው የምታሳርፈው። ልማድ ሆኖባት ገበያ ስትሄድም አረማመዷ ያው ነበር።

ደብሪቱ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር። ለስላሳው ብረት እርጥበት አይችልም፤ ትንፋሽ ሲነካው ይጠቁራል። ሕጉ ደግሞ ክዳኑ ከመደፋቱ በፊት፣ ሊቲየሙ ራቁቱን እያለ፣ ደወሉ ይነሳና አሥራ ሁለቱ በየተራ ጎንበስ እያሉ ይተንፍሱበት ይላል። ከዚያ በየዓመቱ በሚደረገው በዓል ላይ ቅጠሉ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ሲሞከር መብራት ያበራል፣ እልል ይባላል። የጠቆረችው ነጥብ ግን ክዳኑ ሥር አለች። ቅጠሉ በተሞላ ቁጥር ከነጥቧ ላይ እሾህ ያድጋል፤ በአራት ወር፣ ቢዘገይ በስድስት ወር፣ እሾሁ የመሀሉን መስታወት ይበሳዋል። ከዚያ ቅጠሉ ዝም ይላል፣ ባለቤቱም አብሮት ዝም ይላል። ዕድሜው ይኸው ነበር ተብሎ ይቀበራል።

ይህን ልትናገር ወደ ሊቀ ትንፋሹ ቤት ሦስት ጊዜ ሄዳለች። በመጀመሪያው ጊዜ ትንፋሻቸውን እያሳረፉ ነው ብሎ በረኛው መለሳት። በሁለተኛው ጊዜ ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ ስለ ቤተሰቧም ጠየቋት። እንዲህ ፈገግ ብለው ለተቀበሏት ሽማግሌ ትንፋሽዎ ሰው ይገድላል ተብሎ እንዴት ይነገራል? ስለ ዝናቡ መዘግየት አውርታ ወጣች። በሦስተኛው ጊዜ ቆርጣ ነበር የገባችው። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የሥራ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል የሚል ሆነ። ጣሪያው በሳምንቱ ተጠገነ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ታናሽ ወንድሟ ዘለቀ አናጢ ነው። ቅጠል የተቀበሉ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት በመሙያው አዳራሽ ይሰበሰቡና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቅጠላቸው እስኪሞላ እያወሩ ይቀመጣሉ። የሚቀመጡበትን የአሥራ ሁለት ሰው አግዳሚ የሠራው እሱ ነበር፤ ያኔ ጤነኛ ነው። ማንም በማንም ላይ እንዳይደረብ የእያንዳንዱን ቦታ በክንዱ ለክቶ፣ በመሮ ምልክት አድርጎበታል። ታዲያ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ምስማር ሲመታ ልቡ ዘገየችና ወደቀ። ከሞት ተረፈ፤ ግን ከሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ተቀባዮች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የደብሪቱ የአጥር ጎረቤት የማንጠግቦሽ ባል፣ ጓንጉል፣ ነበረበት።

ደብሪቱ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ቅጠል አነጠፈች። አሥራ ሦስተኛዋን ከደወሉ ጠርዝ አስጠግታ፣ ተንፋሾቹ ምሳ ላይ ዘግይተው ሳሉ በረጅሙ መቆንጠጫ እዚያው አየር በሌለበት ክዳኗን ደፍታ ከማስቀመጫው ሥር ደበቀቻት። አንዷን ብቻ። ቦታ አልነበረም፣ ጊዜም አልነበረም ትላለች ለራሷ። ለሁለተኛዋ ግን ጊዜ ነበር፤ ለሦስተኛዋም ሳይኖር አይቀርም። ብዙ ተከድኖ ቢገኝ ይታወቅብኛል ብላ ነው የተወችው። ከዚያ አሥራ ሁለቱ መጡ፣ ተነፈሱ፣ ስልቻውም ተፈታ፣ ሄዱ። ደብሪቱ ለወንድሟ የተመደበውን ቅጠል አመድ ማፍሰሻው ውስጥ ጨመረችና በቦታው የተደበቀችዋን አስገባች። የቀሩትን አሥራ አንዱን በገዛ እጇ ከደነቻቸው። የጓንጉልንም እንደማንኛውም ቅጠል አስተካክላ ከደነችው። ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ያሳፈራት ይኼው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ጓንጉል ተጨዋች ሰው ስለሆነ ሽቦውን አንገቱ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ እየተጀነነ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር። በአራተኛው ወር አንድ ቦታ ክፍት ሆነ፤ በሳምንቱ ሁለት። ጓንጉል ሰባተኛው ነው። ሞቶ የተገኘው ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ነበር። ደብሪቱ ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን ዋለች፣ ውሃ ቀዳች፣ ድስት አጠበች። ማንጠግቦሽ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር እያለች ትመርቃታለች። ምርቃቱ ሲጀመር ደብሪቱ ማድጋ ልሙላ ብላ ትወጣለች።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ ዘለቀ በዚያ ረጅም አግዳሚ ላይ ብቻውን ቀረ። አዳራሹን የሚጠርገው ሰውዬ እንኳ ከሱ ጋር ማውራት ፈርቶ ነበር። በመሮ ያደረጋቸውን ምልክቶች እያየ ቅጠሉ እስኪሞላ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እህቱ ግቢ መጣና ሳይቀመጥ ጠየቃት።

«እትዬ፣ የኔ ላይ ተተንፍሶበታል?»

«ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችው።

ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ መሆኗን ሁለቱም ያውቃሉ። ዘለቀ ሌላ አልጠየቀም። አጥሩን ትንሽ አይቶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ደብሪቱ ተከትላው ልትወጣ ፈልጋ ነበር፤ ምን ብላ እንደምትጠራው ጠፋትና እዚያው ቆማ ቀረች።

ሹማምንቱ በበኩላቸው ነገሩን መረመሩት። አሥራ አንድ ሰው ሞቶ አንድ ተርፏል። የተረፈው የማን ወንድም ነው? የሠሪዋ። እንግዲያው ሠሪዋ ስታነጥፍ ሳታስበው ተንፍሳበታለች፤ እሱን ያቆመው የሷ ትንፋሽ ነው፤ የሌሎቹ ትንፋሽ አንሷቸዋል ተባለ። ደብሪቱ ቀዳሚት ተንፋሽ ተብላ አሥራ ሦስተኛ ሆና ተሾመች። ትንፋሽ ሳይደርስ እጅ እንዳይነካውም በደወሉ ዙሪያ ዘብ ቆመ። ከእንግዲህ ማንንም ደብቃ ልታተርፍ አትችልም። የቀራት መንገድ መናገር ብቻ ነበር፤ ብትናገር ደግሞ በሕጉ መሠረት የወንድሟ ቅጠል ከደረቱ ወጥቶ ይከፈታል። ይህን ለራሷ ደጋግማ ትነግረዋለች። እውነቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነም ታውቃለች፤ አሥራ አንዱ ቤት የሚያያትን ዓይን ፈርታ ነበር።

በአዲሱ ዝርዝር የማንጠግቦሽ ልጅ ስንዱ ገባች። የአባቷን ልብ ወርሳለች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። ማንጠግቦሽ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብላ ደብሪቱን ጠራቻት።

«ደብሪቱዬ፣ ወንድምሽን ያቆመው ያንቺ ትንፋሽ ነው አሉ። ለስንዱም ደህና አድርገሽ ተንፍሺላት፣ እባክሽ። ሌላ ሰው የለኝም።»

ደብሪቱ እሺ አለች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የምትተነፍሰው አየር ራሱ ያሳፍራት ጀመር።

በበዓሉ ቀን ደወሉ ሕዝብ እንዲያይ ወደ አደባባይ ወጣ፣ አደባባዩም ሞላ። ዘለቀ የትንፋሽ ምስክር ተብሎ ከፊት ወንበር ተሰጠው። ደወሉ ሲነሳ ቅጠሎቹ ራቁታቸውን እንደ ብር ያንጸባርቃሉ፤ የመጀመሪያው የስንዱ ነበር። ቀዳሚት ተንፋሽ ትጠጋ ተባለ። ደብሪቱ ጎንበስ አለች፣ አፏን ከፈተች፣ ትንፋሿን ግን ውጣ ያዘችው። አሥራ ሁለቱ ቆመው ተራቸውን እየጠበቁ ሳለ የሷ መያዝ ምን እንደሚፈይድ እሷም አታውቅም። ማድረግ የቻለችው ይህን ብቻ ነበር።

ክዳን ከመደፋቱ በፊት ትንፋሹ ማረፉን የሚያረጋግጠው የክዳን ሹም ጠጋ ብሎ አየና ጤዛ የለም ብሎ ጮኸ።

«ይድገሙት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አይፍሩ» አሉ ሊቀ ትንፋሹ፣ በዚያው በደግ ፈገግታቸው።

ቀና ስትል ማንጠግቦሽን ከሕዝቡ መሀል አየቻት። በርቺ እንደማለት ራሷን ትነቀንቅላታለች። ያን ጊዜ ደብሪቱ ተነፈሰች። ጤዛው አማረ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ተነጠፈ። መጀመሪያ እልል ያለችው ማንጠግቦሽ ናት።

እልልታው ሳያበቃ ዘለቀ ከወንበሩ ተነስቶ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። ሰው ታመመ ብሎ ሊደግፈው መጣ። እጃቸውን ገለል አድርጎ ጠባሳዋ እስክትታይ ደረቱን ገለጠ።

«ጌቶቼ፣ የኔ ቅጠል ትንፋሽ አልነካውም» አለ። «የአሥራ አንዱን ነክቶታል። እኔ አለሁ፣ እነሱ የሉም። ሕጉ ይከፈት የሚል ከሆነ እዚሁ ክፈቱት፤ ብቻ በእነዚህ ልጆች ቅጠል ላይ አትተንፍሱ።»

ደብሪቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ወንድሜን ሊከፍቱት ነው የሚል አልነበረም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የሚል ነበር። ይህንንም እዚያው ቆማ ታዘበችው።

ሊቀ ትንፋሹና ባልደረቦቻቸው ራስ ለራስ ገጥመው ተማከሩ። ሕጉ ተነበበ፣ እንደገና ተነበበ። የክዳን ሹሙ ቢላዋ የሚይዝ ሰው ይፈለግ አለ። ሊቀ ትንፋሹ ግን እጃቸውን አነሱ።

«የሚከፈተው ሊታይ ነው» አሉ። «እውነቱን ለመናገር ከእኛ መሀል አይቶ የሚለይ የለም። ጉድለቱ ትንፋሽ አለመድረሱ ከሆነ አሁን ይድረሰው።»

ተሰለፉ። አንድ በአንድ እየቀረቡ በዘለቀ ባዶ ደረት ላይ ተነፈሱበት። ሳል የሚቀድመው ሽማግሌ ምክትሉን ላከ። ስልቻውም ተፈትቶ ደረቱ ላይ ተጨመቀ። ዘለቀ ከነጠባሳው ቆሞ ሁሉንም ተቀበለ። በመጨረሻ ሊቀ ትንፋሹ ራሳቸው ተንፍሰው ጉድለቱ ተሟልቷል አሉ፣ ጸሐፊውም ጻፈ።

ዘለቀ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ።

«እንግዲህ ከተከደነም በኋላ ይሆናል ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን አይሆንም?» አሉ ሊቀ ትንፋሹ፣ ጥያቄው እውነትም ገርሟቸው። «ትንፋሻችን ይረፍበት እንጂ ክዳን ላይ ይሁን ደረት ላይ እኛ ምን ቸገረን? ባለሙያዎቹ ተከድኖ ይሁን ቢሉን በዚያው ቀን እንፈቅድ ነበር። እስከ ዛሬ ማን ጠየቀን?»

ይህን ያሉት ለክፋት አይደለም። ዞር ብለውም ለደብሪቱ ጣሪያው ዳግመኛ አፈሰሰ እንዴ ብለው ጠየቋት። እሷም የለም ጌታዬ፣ ደህና ነው አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰው። ደብሪቱ ቁጥሩን ልታባዛው ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው። እንደ ተራራ የፈራችው ነገር ለካ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እንደ ጣሪያው በሳምንቱ የሚጠገን።

ማንም አልሰደባትም፣ ማንም ድንጋይ አላነሳባትም። ሰው እያየ አለፋት፤ አሥራ አንዱ ቤት በየተራ አያት። ማንጠግቦሽ ከአደባባዩ መውጫ ላይ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ደብሪቱ የምትለውን በልቧ አዘጋጅታ ቀረበች፤ ማንጠግቦሽ ግን ቀደመቻት።

«ለኔ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ እጠይቅልሽ ነበር» አለች ማንጠግቦሽ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ለደብሪቱ ይቀላት ነበር። «እኔ እንኳ እንዳንቺ ሰው አላፍርም። በአጥሩ ላይ ብትጠሪኝ፣ ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ እጠይቅልሽ ነበር።»

ከዚያ የስንዱ ቅጠል እንደ አዲስ ሲሠራ መቼ እንደሚደርስ ጠየቀቻት። ደብሪቱ በስምንት ቀን አለቻት። ማንጠግቦሽ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች፤ ደብሪቱም መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ ኋላ ቀርታ፣ እስክትርቅ ቆማ ጠበቀች።

ከዚያ ወዲህ ቅጠሎቹ ዕድሜ አገኙ። ስንዱ አለች፤ አግብታ ወልዳለች ይላሉ። አንዱ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ዘለቀ ሁለተኛ ሠራ። ለእህቱ ሰላምታ አይነፍጋትም፤ በበዓልም ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እትዬ ብሎ ግን ጠርቷት አያውቅም።

ተንፋሾቹም ሹመታቸው አልተነካም። በቀጠሮው ቀን ይመጣሉ፣ ተራቸውን ጠብቀው በተከደነው ቅጠል ላይ ይተነፍሳሉ፣ ስልቻውም ይፈታል። እነሱ ሲወጡ ደብሪቱ ትቀራለች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ጤዛውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። አንድ ጊዜ ማበስ ይበቃዋል።